ቆዳው ብቻ የቀረ ዓሣ

ሙዚየም ገብታችሁ የደረቀ ዓሣ ስታዩ “ጉድ ነው!” ብላችሁ ታልፋላችሁ አይደል? እስቲ ሆድ ዕቃው የት ሄደ በሉ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1938 ደቡብ አፍሪካ፣ ኢስት ለንደን ወደብ፣ ከምድር ከጠፋ 60 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል ሲባል የኖረው ሲላካንት በመረብ ተይዞ መጣ። የከተማዋ ሙዚየም ኃላፊ ወይዘሪት ማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር ማቆያ ቢለምኑ ቀዝቃዛ መጋዘኑም የሬሳ ክፍሉም በር ዘጉባቸው። ፎርማሊን በነካው ጨርቅና በጋዜጣ ጠቀለሉት። ሙቀቱ አላስቆም ሲል ቆዳው ተገፎ ተሞላ፤ ሆድ ዕቃው እንደ ማንኛውም የወጥ ቤት ዓሣ ተጣለ። አጽሙንና ስንጥቡን አደራ የሚለው የዓሣ ሊቁ የጄ. ኤል. ቢ. ስሚዝ ቴሌግራም የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው እስኪገኝ 14 ዓመት ፈጀ!

ጥፋቱ የሴትዮዋ አይደለም፤ እሳቸውማ ባይኖሩ ቆዳውም አይተርፍም ነበር። እኔ ብሆን ግን ከቆዳው ጎን አንድ ባዶ ብልቃጥ አኖር ነበር።