የሬድስቶን ጭራ

የአሜሪካን ሬድስቶን ሚሳይል የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ 21 ሜትር ገደማ የሆነውን ቁመቱን ቀና ብሎ አይቶ ያልፋል። የሥራው ጥራት ግን ጎንበስ ለሚል ሰው ነው የሚታየው። ከሞተሩ አፍ ሥር፣ ኤቲል አልኮልና ፈሳሽ ኦክስጅን ተቃጥለው በሚወጡበት ቦታ፣ ከግራፋይት የተሠሩ አራት ጠፍጣፋ መሪዎች ተገጥመዋል። ሚሳይሉ ገና ሲነሣ ፍጥነት ስለሌለው በክንፎቹ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ሊያቀናው አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መሪውን እሳቱ ውስጥ አስገቡት። ግራፋይቱ እየተበላ እንኳ ሞተሩ እስኪጠፋ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ፣ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ በላይ እንዲቆይ ማንም አልጠየቀውም፤ ልክን ማወቅ ይሉታል ይሄ ነው።

ላይኛው ክፍል ውስጥ ያሉት አቅጣጫ ጠባቂዎቹ ጋይሮስኮፖች ደግሞ በተጨመቀ አየር ስስ ሽፋን ላይ ተንሳፍፈው ይሠራሉ። ብረት ከብረት ከተፋተገ አቅጣጫው ጥቂት በጥቂት ይዛባል፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚጓዝ መሣሪያ ያቺ ጥቂት ብዙ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ የተተኮሰው ይህ ሚሳይል የተሠራው የኑክሌር አረር ለመሸከም ነው። በሃንትስቪል፣ አላባማ የነደፉት ቨርነር ፎን ብራውንና ባልደረቦቹ ሙያውን ያካበቱት በናዚ ጀርመን ሚሳይል በቪ-2 ላይ ነበር፤ ቪ-2ን በዋሻ ውስጥ ሲገጣጥሙ ከነበሩት የሚተልባው-ዶራ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች በሺዎች የሚቆጠሩት አልቀዋል። ሥራውን ሳደንቅ ይህን ልዘለው አልችልም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ኖቬምበር 21 ቀን 1960 የሆነው ነው። ሰው ወደ ጠፈር ለመውሰድ የታሰበው የሜርኩሪ መንኮራኩር የተጫነበት ሬድስቶን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ተነሥቶ ሞተሩ ጠፋና ተመልሶ ማስፈንጠሪያው ላይ ቆመ። ጭራው ላይ ከተሰኩት ገመዶች ኤሌክትሪክና የመሬት ግንኙነት የሚሰጠው፣ ከመቆጣጠሪያው ገመድ በኋላ መነቀል ሲገባው ቀድሞ ተነቀለ። በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይዞ ሞተሩን የሚያጠፋውን ትእዛዝ አስነሣ። ያ ሁሉ ግራፋይት፣ ያ ሁሉ ጋይሮስኮፕ፣ በአንድ ገመድ ርዝመት ተረታ።

መፍትሔው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ተጨማሪ የመሬት ማገናኛ ነበረች፤ ሌሎቹ ገመዶች ሁሉ ከተነቀሉ በኋላ የምትላቀቅ። ዲሴምበር 19 ቀን በረራው ተሳካ፤ ሜይ 5 ቀን 1961 አሜሪካዊው ጠፈርተኛ አለን ሼፐርድ በሬድስቶን ተጭኖ ጠፈር ደረሰ።