መዝገበ ቃላት፣ ኤክስኤምኤልና የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር

ኤክስኤምኤል በገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ መልክን ከይዘት ይለያል ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ የአማርኛ መዝገበ ቃላትን በዚህ መንገድ ለኅትመት ያዘጋጀ ሰው ልዩነቱ የተባለውን ያህል ንጹሕ እንዳልሆነ ይረዳል።

«ሰበረ» ለምሳሌ ይበቃል። ከሥሩ «ተሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስባሪ»፣ «አሰባበር» ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ፍች አለው። በኤክስኤምኤል ርባታው በዋናው ግስ ውስጥ ይታቀፋል፤ የፍች መለያው ግን በሁለቱም ደረጃ አንድ ስም ይይዛል። ኢንዲዛይን መለያን ከስታይል ጋር የሚያዛምደው በስሙ ብቻ እንጂ በሚገኝበት ቦታ ስላልሆነ፣ የግሱና የርባታው ፍች በገጹ ላይ አንድ መልክ ይይዛሉ። መውጫው ወይ ስክሪፕት መጻፍ ወይ ለየደረጃው የተለየ የመለያ ስም መፍጠር ነው። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ያን ጊዜ ግን መልኩ ይዘቱን መግዛት ይጀምራል፤ የቋንቋ ትንታኔው ለፊደል መጠን ሲባል ይለወጣል። ፍሬምሜከር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ አንድ አባል በየትኛው አባል ሥር ሲገኝ ምን መምሰል እንዳለበት መደንገግ ያስችላልና። ዋጋው ድንጋጌውን መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ ነው።

ከዚህ የከበደው የመለያዎቹ ስም ነው። ኤክስኤምኤል 1.0 በ1998 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ ለመለያ ስም የፈቀዳቸው ፊደላት በዩኒኮድ 2.0 ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ግን በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በስሪት 3.0 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ይዘት ሕጋዊ ሲሆን «ርባታ» የሚል የመለያ ስም ስሕተት ሆነ። እገዳው በ2004 እ.ኤ.አ. በስሪት 1.1፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ1.0 አምስተኛ እትም ተነሣ፤ አሮጌውን ደንብ የሚከተሉ ፕሮግራሞች ግን ዛሬም አሉ።

ጉዳዩ የስም አጠራር ብቻ አይደለም። መለያው በእንግሊዝኛ ይሁን ሲባል «ቦዝ አንቀጽ» ወይ «ጄራንድ» ወይ «ኮንቨርብ» መሆን አለበት፤ መዝገበ ቃላቱ ሳይታተም በፊት አንድ የሰዋስው ክርክር በዝምታ ተፈርዶበታል ማለት ነው። የአማርኛውን ስያሜ በባሕርይ ዋጋነት ማስቀመጥ ከመጀመሪያውም ይፈቀድ ነበር። ነገር ግን በሰነድ ዓይነት ፍቺ ውስጥ የተፈቀዱ ዋጋዎች ተዘርዝረው እንዲመረመሩ ሲፈለግ ያው አሮጌ ደንብ እንደገና ይከለክላል፤ በነጻ ጽሑፍነት ከተተዉ ደግሞ «ቦዝ» በአንድ ቦታ «ቦዘ» ተብሎ ቢገባ ሶፍትዌሩ አያርመውም።