ሥርየት ያልፈለገ ኑዛዜ፦ ስለ ሆውቶርን «የእብነ በረዱ ፋውን»

አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆውቶርን በሕይወቱ ሳለ ፈጽሞ ያሳተመው የመጨረሻው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደንና በቦስተን በወጣ ጊዜ፣ ብዙ አንባብያን ሚርያምን እንደ ጥላ የሚከተላት ሰው ማን ነው፣ ሂልዳስ የጠፋችባቸውን ቀናት የት አሳለፈች፣ ዶናቴሎ በጠጕሩ የሸፈነው ጆሮ በእርግጥ እንደ አውሬ ጆሮ የሾለ ነውን እያሉ ስለ ጠየቁ፣ ደራሲው በሁለተኛው እትም ጥቂት ገጾች ጨምሮ አንዳንዱን ሲገልጥ የጆሮውን ነገር ግን እንደ ተሸፈነ ተወው። እኔ እንደሚመስለኝ የመጽሐፉ ምሥጢር ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገኝም፤ የሌላውን ኃጢአት በዓይኑ አይቶ ልቡን የዘጋበት ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ፍቅሩም ሥዕሉም ጸሎቱም ምን ይሆኑበታል በሚለው ነገር ላይ ነው።

ሆውቶርን በሳሌም ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ ከአባቶቹ አንዱ በ1692 በጥንቆላ የተከሰሱትን ከመረመሩት ዳኞች መካከል ስለ ነበረ፣ በሰው ላይ መፍረድ የሚያስከትለውን ዕዳ ሲያስብ የኖረ ጸሐፊ ነው፤ በ1858 ቤተ ሰቡን ይዞ ሮማ ሲገባም ይህ ሐሳብ አልተለየውም። በመጽሐፉ የምናገኛቸው ወዳጆች አራት ናቸው፤ ያለፈ ታሪኳን የምትሰውረው ሠዓሊ ሚርያም፣ የቀደሙትን ሊቃውንት ሥዕል የምትገለብጠው ሂልዳ፣ ሐውልት ቀራጺው ኬንዮን፣ በካፒቶል ቤተ መዘክር የሚገኘውንና የፕራክሲቴልስ ፋውን የተባለውን፣ በጥንት ተረት ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆነውን ፍጡር ሐውልት እጅግ የሚመስለው፣ ኀዘንም ኃጢአትም የማያውቀው የሞንቴ ቤኒ መስፍን ዶናቴሎ። ጨረቃ በወጣችበት በአንድ ሌሊት፣ ጥንት ከዳተኞች ይወረወሩበት በነበረው በታርፔያ ገደል አፋፍ ላይ፣ ዶናቴሎ የሚርያምን ፈቃድ ከዓይኗ አንብቦ እንደ ጥላ የሚከተላትን ሰው ወደ ታች ጣለው፤ የሁለቱ ፍቅር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በደም የታሰረ ሆነ፤ ሂልዳም ሳታስበው ይህን አየች።

በማግሥቱ ሚርያም፣ ዶናቴሎና ኬንዮን ወደ ካፑቺን መነኰሳት ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ ያ ሰው የመነኰሴ ልብስ ለብሶ ተጋድሞ፣ ከአፍንጫው ደም ሲወርድ አገኙት። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ጊዶ ሬኒ የሣለው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለ፤ እኛም ሰይፉን መዝዞ ዲያብሎስን የረገጠውን ሊቀ መላእክት እያየን ያደግን ነንና፣ ሚርያም በዚህ ሥዕል ፊት የምትናገረው ሳያስደነግጠን አያልፍም። ከክፉ ጋር የታገለ መልአክ ጫማው ሳይቈሽሽ፣ ግንባሩ ሳይቋጠር እንዲህ አጊጦ ሊቆም አይችልም፤ ከክንፉ ላባ ሢሶው ተነጭቶ፣ ሰይፉ በደም ተነክሮ ምናልባትም ተሰብሮ፣ ጥሩሩ ተቀጥቅጦ መታየት ነበረበት ትላለች። በቃሏ ሥዕል የምትተች ትመስላለች፤ ነገር ግን ከክፉ ጋር ገጥማ የቆሰለችው እርሷው ናትና፣ ያልቆሰለ ንጽሕና እንደማያውቃት እየተናገረች ነው። በመጽሐፉ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ አላገኘሁም።

ያልቆሰለችው ንጽሕና ሂልዳ ናት። ከነጫጭ ርግቦች ጋር በከፍተኛ ግንብ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷ ፕሮቴስታንት ስትሆን፣ በእመቤታችን ምስል ፊት የሚበራው መብራት እንዳይጠፋ ዘይት ትጨምራለች፤ የራሷን ሥዕል መሣል ትታ የቀደሙትን ሥራ በምትገለብጥበት ጊዜም ብሩሿን የሚመራው ርኅራኄዋ፣ በሌላው ነፍስ ውስጥ መግባት የሚችለው ልቧ ነው። ሚርያም እጇን ዘርግታ ወደ ግንቡ በመጣች ጊዜ ግን እንዳትቀርባት ከለከለቻት። ከዚህ በኋላ በየአዳራሹ የተሰቀሉት ሥዕሎች ደብዝዘው ታዩአት፤ ደራሲው ምክንያቱን በኀዘኗ ያሳብባል፤ እኔ ግን ለሥዕሉም ለወዳጇም የሚያስፈልገው ልብ አንድ ስለ ነበረ፣ በአንዱ ላይ ሲዘጋ በሌላውም ላይ ተዘጋ እላለሁ።

ምሥጢሩ ሲከብዳት በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተለየው የኑዛዜ ስፍራ ተንበርክካ ለአንድ አረጋዊ ካህን ሁሉን ነገረችው። ካህኑ ሥርየት ትሻ እንደ ሆነ ቢጠይቃት፣ ይህን ከእግዚአብሔር በቀር ከማንም እንደማትጠብቅ መለሰች፤ እርሱም እንዲህ ከሆነ ነገሩ በኑዛዜ ማኅተም የሚጠበቅ እንዳልሆነ አስታወቃት። የንስሐ አባት ያለው አንባቢ የጎደለውን ወዲያው ያያል፤ የተነገረው ኃጢአት የተናጋሪዋ አይደለም፤ ቀኖና የሚቀበል የለም፤ የሚፈታ የለም፤ ምሥጢር የሚጠብቅም የለም። ሆኖም ሂልዳ ቀለል ብሏት ወጣች፤ ያወረደችው ሸክም በሚርያምና በዶናቴሎ ጫንቃ ላይ መውደቁን ግን አልጠየቀችም።

ስለ ፍርስራሾችና ስለ አደባባዮች የተጻፈው ገጽ እንደ መንገደኛ መምሪያ የሚረዝምበት ጊዜ አለ፤ ይህን እታገሣለሁ። የማልታገሠው ሌላ ነው። ኃጢአት ዶናቴሎን ከሕፃንነት አውጥቶ ሰው አላደረገውምን፣ የአዳምስ ውድቀት ለበለጠ ክብር አልነበረምን የሚለውን ጥያቄ አስቀድማ ያነሣችው ሚርያም ነበረች፤ ይህም የሮማ ቤተ ክርስቲያን በትንሣኤ ሌሊት የአዳምን በደል በምታወድስበት ዜማ የታወቀ ሐሳብ ነው። ኬንዮን ጥያቄውን ለሂልዳ ባቀረበላት ጊዜ እርሷ ስለ ደነገጠች ወዲያው ቃሉን መልሶ፣ ወደ አገራቸውም እንድትመራው ለመናት። ዶናቴሎ በወኅኒ፣ ሚርያም በብቸኝነት የከፈሉበትን ጥያቄ ምንም ያልከፈሉት ሁለቱ ለጋብቻቸው ሰላም ሲሉ ዘጉት፤ ሆውቶርን እዚህ ላይ መልስ መስጠት ቢያቅተው እንኳ፣ ነገሩን ከሚርያም አፍ ደግሞ ሊያሰማን ይገባው ነበር።