ግድግዳው ላይ ያለችው ማናት?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ሳሎኖችና ካፌዎች ውስጥ አንድ ዓይነት ሥዕል በዝቷል። ሥዕል አልኩት እንጂ አብዛኛው ፎቶግራፍ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ፣ በሸራ ላይ ታትሞ በእንጨት የተወጠረ፣ ቀለም የሚባል ነገር ያልነካው፣ ጥቁርና ነጭ። ቦታው ከሶፋው በላይ ነው። አንዱ ቤት የኒው ዮርኩ የብሩክሊን ድልድይ ይሆናል፤ ሌላው ቤት የፓሪሱ ኤፍል ማማ፤ ሦስተኛው ቤት ረጅም የሲጋራ መያዣ በጣቶቿ ያንጠለጠለችው ኦድሪ ሄፕበርን። ዝናብ የመታው የባዕድ አገር ጎዳና ሲሆን ደግሞ አንዲት ታክሲ ብቻዋን ቢጫ ትደረጋለች። ይህ ቢጫ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ምናልባት ዓለም ቀለም እንደነበራት ለማስታወስ ይሆናል።

ባለቤቶቹን «ለምን ይህን መረጣችሁ?» ብዬ ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ከሁሉም ነገር ጋር ይሄዳል።» ሶፋው ግራጫ ሆነ፣ መጋረጃው ወይን ጠጅ ሆነ፣ ጥቁርና ነጭ ከማንም ጋር አይጣላም። ቤት ማስዋብን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሥዕሉ ስፋት የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን፣ መካከሉም ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ግድም ከፍ ይበል ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ክፉ አይደለም። እኔ የምጣላው ከዚያች «ከሁሉም ጋር ይሄዳል» ከምትባለው ቃል ጋር ነው። በእኛ አገር፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የገዘፈ የሰው ፊት የሚሄደው ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ነውና።

ይህን በአንድ ጥያቄ ያሳዩኝ የአንድ ወዳጄ እናት ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደሴ መጥተው በአዲሱ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ቡናው ሊወርድ ነው። ኦድሪ ሄፕበርንን ከታች ወደ ላይ ደጋግመው ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳትነግረኝ! ይቺ ልጅ መቼ ነው ያረፈችው?» አሉት። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው «ነፍስ ይማር» ብለው ወደ ቡናው ዞሩ።

እውነት ለመናገር ትክክለኛዋ ሃያሲ እሳቸው ነበሩ። የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ከአልበም አውጥተን፣ አስጎልብተን፣ በፍሬም አስገብተን የምናቆመው መቼ ነው? ከአስከሬን ፊት ተይዞ ሲኬድ ነው፤ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሻማ ሲበራለት ነው፤ ለአርባና ለሰማንያ ነው። ከቤተ ሰብ መሃል ገዝፎ የሚወጣ ፊት ከእንግዲህ በአካል የማይመጣ ሰው ፊት ነው። ጥቁር ደግሞ የሐዘን ልብስ ነው። እኚህ እናት ፋሽን አላነበቡም፤ በልጅነታቸው የተማሩትን ቋንቋ አነበቡ። ሴትየዋም በእርግጥ ሞታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1993።

ስለ እሷ ካነሣን አይቀር፣ ያ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1961 ለወጣው «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ለተባለው ፊልም ማስታወቂያ የተነሣ ነው። ፊልሙ ራሱ ባለ ቀለም ነው! ጥቁርና ነጩን የወደድነው እንግዲህ ዘመኑ ቀለም ስላልነበረው አይደለም፤ የቆየ ነገር ባለቤት የሆንን ስለሚመስለን ነው። ሌላም ነገር አለ። ይህች ሴት ለዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስክ ስትሰማራ የመጣችው ወደ ኢትዮጵያ ነበር፤ መቀሌ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናት የተጠለሉበትን ቦታ ጎብኝታለች። ከዚያ ጉዞዋ የተረፈ ፎቶግራፍ በማንም ሳሎን ተሰቅሎ አላየሁም። እንዲሰቀልም አልልም። ግን የተውነውና የመረጥነው ሲተያዩ ደስ አይሉም።

በአንድ ካፌ ውስጥ ደግሞ ዐሥራ አንዱ የብረት ሠራተኞች አሉ። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ማዕከል ሲገነባ፣ መስከረም 20 ቀን 1932 እ.ኤ.አ.፣ ከመሬት እጅግ ርቃ በተንጠለጠለች የብረት ምሰሶ ላይ በተርታ ተቀምጠው ምሳ የሚበሉት። ሠራተኞቹ እውነተኛ ናቸው፤ አቀማመጣቸው ግን ሕንፃውን ለማስተዋወቅ የተዘጋጀ ነበር። የፓሪሱ የሮበርት ዷኖ «መሳሳም»ም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ተነሥቶ፣ በኋላ በፖስተር ዓለምን ካጥለቀለቀ ወዲያ፣ ጥንዶቹ ለፎቶግራፉ ሲሉ እንደተሳሳሙ ታወቀ። ይህን የማነሣው ሥራዎቹን ለማራከስ አይደለም። ጥቁርና ነጭ የምስክር ፊት አለው፤ ስናየው «ይህስ በእውነት ሆኗል» እንላለን። ወደ ካፌው ስመለስ፣ እኔ ማኪያቶዬን ስጠጣ ከመስኮቱ ማዶ ሌላ ሕንፃ እየተሠራ ነበር። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የቆሙ የቀን ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ በሸበጥ፣ ሲሚንቶ በባልዲ ይቀባበላሉ። ከግድግዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው እያየሁ ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

ለመሆኑ ግዙፍ ምስል በእኛ ዘንድ የማን ነበር? ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውጪ ትልቅ ሆኖ የመታየት ዕድል የገዢ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በየመሥሪያ ቤቱና በየሰዉ ሳሎን ነበር፤ በ1967 ከየግድግዳው ወረደ። በደርግ ዘመን ደግሞ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን አብዮት አደባባይን ሞልተው ቁልቁል ያዩን ነበር። ተራው ሰው ግን ጉርድ ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ ለመታወቂያ፣ ጉርድ ለትምህርት ቤት፣ ጉርድ ለቀበሌ። ቢበዛ ቢበዛ በዓመት በዓል ከነቤተ ሰቡ ፎቶ ቤት ይሄድና ዘጠኝ በዐሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሆነች ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

እነዚያን ትንንሽ ወረቀቶች ግን አትናቋቸው። ፎቶግራፍን ለከተማችን ካስለመዱት መካከል አርመኖች አሉ፤ በድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። በቤተ መንግሥት የተጀመረው ጥበብ ቀስ በቀስ ወደ ሰፈር ወረደና የእኛን አያቶች አገኛቸው። ከኋላቸው ሐውልትና ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከጎናቸው የአበባ ማስቀመጫ ወይም ራዲዮ፤ ወንዱ ተቀምጦ፣ ሴቲቱ ቆማ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ። ጠርዙ እንደ ቴምብር ጥርስ ጥርስ ያወጣ ነው። ጀርባውን ገልበጥ ሲያደርጉት በሐምራዊ ቀለም የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ከሥሩም በብዕር «ለማስታወሻ» ትላለች። ፎቶ አንሺው የፊት መጨማደዱን በእርሳስ አለስልሶታል፤ ከንፈሯን ቀይ የቀባላትም አለ። ብርሃኑ አንድ ወገን ሆኖ ከጉንጭ ላይ ወደ አንገት ሲወርድ አይታችሁ ከሆነ፣ እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ እንደነበር ትመሰክራላችሁ። ዕድሜውም የሚገርም ነው። በ1970ዎቹ የታጠቡ ብዙ ባለ ቀለም ፎቶግራፎች ዛሬ ወደ ቀይ ዞረው ሰው ከሰው አይለዩም፤ ከእነሱ ሃያ ዓመት የሚቀድመው ጥቁርና ነጭ ግን በደንብ ከታጠበና ከተያዘ እንዳለ ነው። አንዱ በቀለም ላይ የቆመ ነው፤ ሌላው በብር።

እነዚህ ጉርዶች ግድግዳ ሲሆኑ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ ሰው መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይሂድ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ከየቤተ ሰቡ የተሰበሰቡ የሟቾች ፎቶግራፎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ብዙዎቹም ለመታወቂያ የተነሡ ይመስላሉ። አፍሮ ያጎፈረ፣ ኮሌታው የሰፋ፣ ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ፣ ከጎኑ ሌላ ልጅ፣ ከጎኑ ሌላ። አንዳቸውም ለሥነ ጥበብ ብለው አልተነሡም። እኔ ግን በዚህ ከተማ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ኃይል ያለው የጥቁርና ነጭ ግድግዳ አላውቅም። እዚያ ቆሞ «ከሁሉም ጋር ይሄዳል» ማለት አይቻልም።

አሁን ደግሞ ቅር ስለሚለኝ ነገር ልናገር። በአንዳንድ ሆቴሎችና የባህል ምግብ ቤቶች የደቡብ ኦሞ ሰዎች በጥቁርና ነጭ ገዝፈው ተሰቅለዋል፤ ሸክላ ከንፈሯ ላይ ያደረገች የሙርሲ ሴት፣ ፊቱን በነጭ አፈር የተቀባ ወጣት። ፎቶግራፉ ያምራል፤ ጥላው ጥልቅ ነው፣ የቆዳው ልስላሴ ይዳሰሳል። ከሥሩ ግን ስም የለም። ኦድሪ ሄፕበርን ስሟ ባይጻፍም ማን እንደሆነች ይታወቃል፤ ይህችኛዋ ስሟ ያልተጻፈው ማንም ስላልጠየቃት ነው። የሰው ፊት ስሙን ሲያጣና ቀለሙን ሲያጣ እንደ ምንጣፍ ጌጥ ይሆናል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው፣ በ1977ቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ ተገኝቶ ወገኖቻችንን በጥቁርና ነጭ አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢንግሪድ ሲሺ የተባለች ሃያሲ በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ሰቆቃን ማስዋብ ተመልካቹን ከማነሣሣት ይልቅ እንዲቀመጥ ያደርገዋል ብላ ወቅሳዋለች። እኔ በበኩሌ ወቀሳው ከባድ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ ውብ ሆኖ መነሣት የተራበ ሰውም መብት ነው። መጽሐፍ ውስጥና ኤግዚቢሽን ላይ ሰው ሊያየው ብሎ ሄዶ ያየዋል። ከሶፋ በላይ ሲሰቀል ግን ጀርባችንን ሰጥተነው ነው የምንበላው።

«ታዲያ ምን እንስቀል?» የሚለኝ አይጠፋም። የቤተ ሰቡን ፎቶ ማየት የማይፈልግ ሰው፣ በሕይወት ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አሉለት። ለምሳሌ ሚካኤል ጸጋዬን ላንሣ። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል አጥንቶ፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ሰው ነው። የምትፈርሰውንና የምትሠራውን አዲስ አበባ በጥቁርና ነጭ ያያት እሱ ነው፤ ከብሩክሊን ድልድይ ጋር ሳወዳድር፣ እውነቱን ልናገርና፣ ድልድዩ ያንስብኛል።

የራሳችሁን ለምትሉ ግን ቶሎ በሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አንድ ግማሽ ጎኑ የቀረ ቤት አየሁ። ጣራ የለውም፤ የሳሎኑ ግድግዳ ለመንገደኛ ተገልጧል። ቀለሙ በጭስና በዘመን ጠቁሯል፤ ከላይ ወደ ጣራው ተጠግተው ግን አምስት ንጹሕ አራት ማዕዘኖች ነበሩ፣ ፎቶግራፎች ተሰቅለውባቸው የኖሩ። የድሮ ሰው ከፍ አድርጎ ነው የሚሰቅለው፤ ከላይ በሲባጎ አስሮ ወደ ፊት ያዘነብለዋል፣ ዱካ ላይ የተቀመጠውን እንግዳ ቁልቁል እንዲያየው። የአምስቱ ባለቤቶች ይዘዋቸው እንደሄዱ ተስፋ አደርጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየሰዉ ቤት የወጡ የድሮ ፎቶግራፎችን ሰብስቦ አሳይቶናል፤ ከእኛ ቤት መሳቢያ ውስጥ ግን ማንም መጥቶ አይሰበስብልንም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፎቶግራፉን በስልክ አንሥታችሁ በቴሌግራም አትላኩ፤ ተጨምቆ ይደርስና ሲጎላ ፊቱ ሰድር ይሆናል። ስካን ይደረግ፤ በኢንች 600 ነጥብ ቢነበብ ዐሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትሩ ወደ 2,835 ነጥብ ይሰጣል፤ ይህም አንድ ሜትር ሲሆን በኢንች 72 ይደርሳል። ከአፍንጫ ሥር ሲያዩት ይሳሳል፤ ሦስት ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ እንግዳ ግን ይበቃል። ሸራው ከመስኮት ብርሃን ይራቅ፤ ዋናው ፎቶግራፍ ወደ ጨለማው መሳቢያ ይመለስ። ግድግዳችሁ ብሎኬት ከሆነ ምስማር አይዝላችሁም፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይግባበት።

ደግሞም ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ያለው ልጅ፣ ትሑት ነው፣ «ላጽዳልዎት?» ማለቱ አይቀርም። ማጽዳት የሚለው በአንዲት ቁልፍ ፊቱን ሁሉ እንደ ፕላስቲክ ማለስለስ ነው። ለእኔ አያት አድርጎት ነበር፤ የፈንጣጣው ጠባሳም የአንገቷ ንቅሳትም ባንዴ ጠፉ። «መልስልኝ» አልኩት። «ይሄ ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ አይደለም እንዴ?» አለኝ፣ ጣቱን ንቅሳቱ ላይ አድርጎ። አለመሆኑን አስረዳሁት፤ እሱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ መስመሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ።