መጽሐፉ ይወጣል ወይ?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ስለ ቁጠባ የሚመክር ሰው ቀርቦ፣ ኑሮ ስለተወደደ ምን ምን መተው እንዳለብን ይዘረዝራል። ማኪያቶ ቀንሱ፣ ድግስ ቀንሱ አለና ወደ እኔ ጉዳይ መጣ። «መጽሐፍ ለምን ትገዛላችሁ? ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ በነፃ አንብቡ!» ሾፌሩ ሳቀ። እኔ ግን በልቤ አጨበጨብኩ።

ለምን አላጨበጭብ? አዲስ ልብ ወለድ 500 ብር ባለፈበት ዘመን የመጽሐፍ ሱስ ከየትኛውም ሱስ እኩል ያራቁታል። ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ እኔም በሳምንት ሁለት ጠዋት ለሰፈሬ ቅርብ የሆነ ቤተ መጻሕፍት መግባት ጀምሬአለሁ። ባለፈው ዓመት እዚያ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ዋጋ ደምሬ ብዙ ሺህ ብር እንዳተረፍኩ ስረዳ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። «ታዲያ ብሩ የታለ?» አለችኝ። እሱን ሌላ ጊዜ እንጫወተዋለን።

ይህንኑ የቁጠባ ወንጌል ለግቢያችን ጥበቃ ልሰብክለት ሄድኩ። ወጣት ነው። አንድ ቀን ውሎ አድሮ በማግስቱ ያርፋል፤ «ያርፋል» ማለት የቀን ሥራ ይሄዳል ማለት ነው። ሌሊት በሩ ላይ ባለችው አምፖል ያነባል። መጽሐፉን የሚያገኘው መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው፤ መያዣ ያስይዝና በየቀኑ ኪራይ ይከፍላል። እኛም በልጅነታችን በስሙኒ እንከራይ ነበር። የኪራይ መጽሐፍ እንቅልፍ ይነሳል፤ ባደረ ቁጥር ይቆጥራላ!

«ቤተ መጻሕፍት እያለ ለምን ትከራያለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ይወጣል ወይ?»

«አይወጣም። እዚያው ተቀምጠህ ነው የምታነበው።»

«ታዲያ በሩን ማን ይጠብቅልኝ?»

መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ። ልጁ ያን ሰሞን የተከራየው ፍቅር እስከ መቃብርን ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በሰዓት 30 ገጽ ቢያነብ ወደ 18 ሰዓት ይፈጅበታል። በእረፍት ቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ዘጠኝ ጊዜ መመላለስ አለበት። ዘጠኙንም ጊዜ ታክሲ፣ ዘጠኙንም ጊዜ የተጓደለ የቀን ሥራ። በነፃ የተባለው መጽሐፍ ከኪራዩ ሊበልጥ ነው! እኔ የቆጠብኩት ቤተ መጻሕፍቱ ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት ነፃ ስለሆንኩ ነው። ለካ የሬዲዮው ምክር የሚሠራው ጊዜ ለተረፈው ሰው ኖሯል።

እዚህ ላይ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አልፈልግም። ወመዘክር መጽሐፍ አላወጣም ቢል አልፈርድበትም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ተቋም የአገር ጎተራ ነው። በአገሪቱ ከሚታተመው ቅጂ የሚገባለት ለልጅ ልጅ እንዲያቆይ ነው። የዘር እህል አይበደርም። ችግሩ የየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍትም የጎተራውን ጠባይ መኮረጁ ነው። ገበያ ላይ ያለውን፣ ነገ ቢጠፋ የሚተካውን ልብ ወለድ እንደ ብራና ይጠብቀዋል። እኔ የምሄድበት ቤት አዳራሹ ጠዋት ይሞላል፤ አብዛኞቹ ግን ለፈተና የሚዘጋጁ፣ የራሳቸውን ደብተር ይዘው የገቡ ተማሪዎች ናቸው። እነሱ ወንበርና ፀጥታ አገኙ፤ እሰየው። መደርደሪያው ግን አቧራ ይጠጣል።

ስለ ቤተ መጻሕፍት የምናወራበትን ቋንቋ እስቲ ልብ በሉት። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ሲከፈት ሁላችንም ያወራነው ስለ ሕንፃው፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ፣ ስንት መጽሐፍ እንደሚይዝ ነበር። ሕንፃው ያምራል፤ አልክድም። ግን ስለ የትኛውም ቤተ መጻሕፍት ስንጽፍ «ባለፈው ወር ስንት መጽሐፍ ወደ ሰው ቤት ሄደ?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ያስጠየቀኝ የበር ጠባቂ ነው።

«የኛ ሰው እኮ አይመልስም!» ትሉኝ ይሆናል። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ሲባል ሰምተን አድገናል። ሲያትል ያለች እህቴ ግን በከተማው ቤተ መጻሕፍት ካርዷ የአማርኛ ልብ ወለድ በከረጢቷ ይዛ ቤቷ ትገባለች። እዚያ ብታዘገይ እንኳ በየቀኑ የሚቆጥር ቅጣት የለም፤ የሲያትል ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንስቶታል። የጠፋ መጽሐፍ ግን ያስከፍላል። የኛው ሰው፣ የኛው መጽሐፍ፤ ባሕር ማዶ ይወጣል፣ እዚህ አይወጣም። እነሱ ሀብታም ናቸው ካላችሁ፣ መንገድ ዳር ያለው አከራይስ? እሱ እኮ በአንዲት ደብተርና በመያዣ ብቻ መጽሐፉን ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። መታወቂያና ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት እንዴት ከእሱ ይበልጥ ይፈራል?

አሁን የራሴን ልናገር። ሳስተምር በነበረበት ቤት አንድ የሥነ ጽሑፍ ሂስ መጽሐፍ ነበር፤ አንድ ቅጂ ብቻ። ተማሪዎች እዚያው ተቀምጠው፣ በሰዓት ተወስኖላቸው፣ መታወቂያ አስይዘው ያነቡታል። እኔ ግን መምህር ነኝና «ለዝግጅት» ብዬ አወጣሁት። ማንም መያዣ አልጠየቀኝም። ሥራውን ስለቅ ከሌሎች መጻሕፍቶቼ ጋር ካርቶን ገባ። ከጥበቃው ጋር ባወራን ማግስት መደርደሪያዬን ስበረብር አገኘሁት፤ ማኅተሙ እንኳ አልደበዘዘም። ይዤው ሄድኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መዝገቡን አይታ፣ «ጠፍቷል ተብሎ ተሰርዟል እኮ ጋሼ» አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ «ሰርቆት ነው» ሲባል እንደኖረ እግዜር ይወቀው። በር ላይ ቦርሳው የሚፈተሸው ተማሪው፤ መጽሐፉን ይዤ የወጣሁት እኔ።

ስለዚህ የምለምነው አዲስ ሕንፃ አይደለም። የየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ተወዳጅ ከሆኑት መጻሕፍት ሁለተኛ ቅጂ ይግዛ። አንዱ ይቀመጥ፤ ሌላው በመታወቂያና በመጠነኛ መያዣ ለሁለት ሳምንት ይውጣ። ከመቶው ጥቂቱ ይጠፋል። ይጥፋ! የሰው እጅ ሳይነካው መደርደሪያ ላይ የሚያረጀውስ መች ተረፈ?

እስከዚያው እኔ ከመደርደሪያዬ ለጥበቃው እያዋስኩት ነው። መጀመሪያ የሰጠሁትን በአራተኛው ቀን በጋዜጣ ለብዶ መለሰልኝ። መያዣ አልጠየቅሁትም። እሱ ግን፣ «የወሰድኩበትን ቀን ጻፉት እንጂ ጋሼ፤ ሰው ይረሳል» ብሎ ደብተር አስገዛኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙ አለ።