ወንዝ ውስጥ መቆም

አማርኛችን ወንዝን የሚያየው ዳር ላይ ቆሞ ነው። የማያዛልቅ ሐሳብ «ወንዝ አያሻግርም» ይባላል። የአገር ሰው «የወንዜ ልጅ» ነው። ዓባይ ደግሞ ማደሪያ የሌለው፣ ግንድ ይዞ የሚዞር ነው። ወንዙ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ነገር መናገሪያ ነው፤ ወይ መሻገሪያ፣ ወይ መለያ፣ ወይ ምሳሌ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆሞ የሚውል ሰው ግን በልቦለዶቻችን ውስጥ ብዙም አላጋጠመኝም።

የኧርነስት ሄሚንግዌይ «ቢግ ቱ-ሃርትድ ሪቨር» እንደዚህ ያለ ሰው ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ 1925 «ኢን አወር ታይም» በተባለው መድበል ውስጥ ወጣ። ብነግራችሁም የሚበላሽባችሁ ነገር የለም። ኒክ የሚባል ወጣት ከባቡር ይወርዳል፤ ከተማው ተቃጥሎ አልቋል። ከባድ ሻንጣውን አዝሎ ወደ ወንዙ ይሄዳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ የቆርቆሮ ባቄላና ስፓጌቲ ያሞቃል፣ ቡና ያፈላል፣ ይተኛል። በማግስቱ ትራውት የሚባል ዓሣ ሲያጠምድ ይውላል። አለቀ።

ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። የታወቀው ማጥመጃ ዘዴ ፍላይ ፊሺንግ ይባላል። መንጠቆው ላይ ላባና ክር ይጠቀለልና ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። እንዲህ ያለች ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት ስለሌላት ብቻዋን ተወርውራ ሩቅ አትሄድም፤ የሚወረወረው ወፈር ያለው ክር ነው፣ እሷን ይዟት ይሄዳል። ውሃው ላይ ካረፈች በኋላ ክሩ ከጎተታት ደግሞ ዓሣው ይነቃል። እውነተኛ ነፍሳት ከወራጁ ጋር ይሄዳል እንጂ ወራጁን እየቆረጠ አይሄድማ። ኒክ ዘንጉና ክሩ የፍላይ ነው፤ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ግን ሕያው ፌንጣ ነው። ጠዋት ጤዛው አቀዝቅዟቸው መዝለል ሲያቅታቸው ለቅሞ ጠርሙስ ውስጥ ይከታቸዋል።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቋል፤ ዲንሾ አካባቢ ዳንካና ዌብ ውስጥ ይጠመዳል። ወርዶ ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ የሚያልፈው ያው ዌብ ነው። እኔ የማውቃቸው ወንዞች ግን የጉራጌ ናቸው። ወልቂጤና ቡታጅራ የአንድ ተራራ ሰንሰለት ሁለት ጎኖች ናቸው። በወልቂጤ በኩል የሚወርደው ውሃ በዋቤ አድርጎ ጊቤ ይገባል፣ ከዚያ ኦሞ፣ መጨረሻው ቱርካና። በቡታጅራ በኩል የሚወርደው መቂን ይዞ ዝዋይ ይገባል። ይህን ታሪክ የማነበው እነዚህን ወንዞች እያሰብኩ ነው።

ሄሚንግዌይ በ1918 ጣልያን ውስጥ ጦር ሜዳ ቆስሏል። ከሞተ በኋላ በ1964 በታተመው «ኤ ሙቨብል ፊስት» ላይ፣ ታሪኩ ከጦርነት ስለ መመለስ እንደሆነና ጦርነቱ ግን ውስጡ እንዳልተጠቀሰ ጽፏል። እውነትም «ጦርነት» የሚል ነገር የለም። ያለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ይሄ፣ ቀጥሎ ያ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ ይህ አጻጻፍ ቶሎ ይገባኛል። አንድ ሰው ትንንሽ እርምጃዎችን እንደዚህ ተጠንቅቆ የሚራመድ ከሆነ፣ አንዷን ቢዘል የሚመጣበትን ነገር ያውቀዋል ማለት ነው።

ቡናውን ተመልከቱ። ኒክ ቡና የሚያፈላው ሆፕኪንስ የሚባል የድሮ ወዳጁ እንደሚያፈላው ነው። ስለ አፈላሉ ተከራክረው ነበር፤ ሆፕኪንስን ግን ከዚያ በኋላ አላዩትም። በዚህ መሀል የኒክ ሐሳብ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ እሱም ደክሞት ስለነበር ሐሳቡን ማፈን እንደሚችል ያውቃል። ከዚህ በላይ ምንም አይነገረንም። ስለ ምን ሊያስብ ነበር? ታሪኩ አይመልስም፤ እኛ ግን ፈራንለት።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው፣ «ሰምና ወርቅ ነዋ!» አይደለም። በሰምና ወርቅ ኅብረ ቃሉን ካገኘህ ወርቁ ይወጣል፣ ሰሙን መጣል ትችላለህ። እዚህ ግን ወንዙ ወንዝ ነው፣ ዓሣውም ዓሣ ነው። ዓሣውን «የጠፋ ሰላም» ብለህ ብትፈታው ታሪኩ ይሞታል። ሁለተኛው፣ «ሆድ ይፍጀው ነዋ!» እሱም አይደለም። ሆድ ይፍጀው ሲባል አፍ ይዘጋል፣ ሰሚውም በሩ ላይ ይቀራል። ሄሚንግዌይ የዘጋው አፍ ብቻ ነው፤ እጁን እንድናይ ትቶልናል። አንዱ ዝምታ ሰውን ያስወጣል፣ ሌላው ያስገባል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ይህን የምለው ለሥነ ጽሑፍ ወግ ብቻ አይደለም። በ2013 ተጀምሮ በ2015 በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጦርነት ስንቱን ሰው ወደየወንዙ መልሷል። የአክስቴ ልጅ አንዱ ነው። አሁን ወልቂጤ ባጃጅ ይጠግናል። ካርቡራተር ፈትቶ በቤንዚን ያጥባል፣ ብሎኖቹን ጨርቅ ላይ በፈታበት ተራ ይደረድራል፣ አንዷን ብትነካበት ይቆጣል። ዘመድ ሁሉ «ተናገር፣ ይቅለልህ» ይለዋል። ስለ ጦርነቱ ከምናነባቸው ጽሑፎች ብዙዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ገጸ ባሕርይውን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ አስለቅሰው ያናዝዙታል። የብሎኖቹን ተራ በትዕግሥት የሚጽፍልን ደራሲ ግን ከኑዛዜው የበለጠ ነገር ይነግረን ነበር።

ታሪኩን እወደዋለሁ ማለት ግን ሁሉን እቀበላለሁ ማለት አይደለም። የኒክ ሰላም የቆመው ሰው በሌለበት ወንዝ ላይ ነው። ትራውት ሊለቅ ሲል አስቀድሞ እጁን ያርሳል፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል፣ የተገፈፈው ቦታም ይሻግታል። ይህን ያወቀው አጥማጅ በበዛባቸው ወንዞች ሻጋታ የወረሳቸው የሞቱ ትራውቶችን እያየ ነው። ስለዚህ ከራሱ ወገን ካልሆነ በቀር ሰው ባለበት ማጥመድ አይወድም። እንክብካቤውና ሰው መሸሹ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። ደግሞ ያ የሚቺጋን ምድር ባዶ ሆኖ የተፈጠረ አይደለም፣ የኦጂብዌ ሕዝብ አገር ነው። በሄሚንግዌይ ሌሎች ታሪኮች ውስጥ ኦጂብዌዎች አሉ፤ እዚህ ግን አንድም የለም።

እስቲ ኒክን አምጥታችሁ ከቡታጅራ በላይ ካሉት ወንዞች አንዱ ላይ አቁሙት። ከበላዩ ልብስ ይታጠባል፣ ከበታቹ ከብት ይጠጣል፣ በጎኑ ጄሪካን የጫነች አህያ ትመጣለች፣ የመስኖ ሞተር ይጮኻል። ድንኳኑን ተክሎ ሳይጨርስ አሥር ሕፃናት ይከቡታል፣ አንዲት እናት ደግሞ «ምን ሆነህ ነው ብቻህን?» ትለዋለች። ታሪኩ እዚያው ያበቃል። ወይም፣ ሌላ ታሪክ ይጀምራል።

ሌላው ታሪክ ምን ሊመስል እንደሚችል ኖርማን ማክሊን ፍንጭ ይሰጠናል። «ኤ ሪቨር ራንስ ስሩ ኢት» በ1976 ወጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሮበርት ሬድፎርድ ዳይሬክተርነትና በብራድ ፒት ትወና በ1992 የቀረበውን ፊልም ይሆናል። የሞንታና ቄስ ሁለት ልጆች ከአባታቸው ጋር ያጠምዳሉ። ታናሹ በዘንግ አጣጣሉ አቻ የለውም፤ ግን በመጠጥና በቁማር እየጠፋ ነው፣ ቤተሰቡም ሊረዳው አልቻለም። በመጨረሻ ተደብድቦ ሲገደል የአንድ እጁ አጥንቶች ተሰብረው ይገኛሉ፤ አባትም የትኛው እጁ እንደሆነ ይጠይቃል። ቀኝ ነው። ያ ጥያቄ የሚያመን፣ እጁ ዘንግ ሲያወዛውዝ ገጽ ሙሉ ስላየን ነው። ማክሊንም እንደ ሄሚንግዌይ በሥራ ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ወንዙ ላይ ግን ሰው አለ፣ የሚወዱትና ሊያድኑት ያልቻሉት ሰው። ለእኛ ከኒክ ይልቅ እሱ ይቀርበናል።

እጅ ማየት ደግሞ ለጉራጌ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። እንሰት ሲፋቅ ያየ ያውቀዋል። ሴቶቹ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ከጭማቂው ቡላ ይወጣል፣ የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። ሐዘን ባለበት ሳምንትም እንሰት ይፋቃል። የሚፋቀው ብቻ አይደለም፣ ጎረቤት መጥቶ አብሮ ይፍቃል። ስለ ሞተው ሰው ላይነሳ ይችላል። ያቺ ቀን ያለ ምንም ማብራሪያ፣ ከመጀመሪያው ፍቂያ እስከ ጉድጓዱ ክዳን ብትጻፍ፣ የራሳችን «ቢግ ቱ-ሃርትድ ሪቨር» ትሆን ነበር። ሰው ያለበት።

ሄሚንግዌይ ታሪኩን የሚጨርሰው ረግረግ አፋፍ ላይ ነው። ወንዙ እዚያ ይጠልቃል፣ ይጨልማል፤ ኒክ ዛሬ አይገባም፣ ገና ብዙ ቀን አለው። ተቺዎች ይህን ጥንካሬ ነው ወይስ ሽሽት እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። እኔ ሁለቱንም አልልም። ወደ ረግረጉ ዛሬ አለመግባት የሰውየው መብት ነው፤ ረግረጉ እዚያ መኖሩን ማሳየት ግን የደራሲው ግዴታ ነው። የአክስቴን ልጅ «ተናገር» አልለውም። ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው ግን ብሎኖቹን በተራ ይጻፍልኝ፣ አንዷ ስትነካበት እጁ የሚንቀጠቀጠውንም አይለፍብኝ።