የወቅቶች ዙርና የዕዳ መዝገብ፤ ስለ ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር መጻሕፍት የቀረበ ትችት

የገበሬን ቤተሰብ ኑሮ ለመግለጽ የሚነሣ ጸሐፊ ሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ሥርዓት የወቅቶች መፈራረቅ ነው። እርሻው፣ ዘሩ፣ አጨዳውና ውቂያው በየተራቸው ይመጣሉ፤ ቤተሰቡም እነርሱን ተከትሎ ይሠራል፣ ይበላል፣ ያርፋል። ይህ አጻጻፍ ቀላልና ያማረ ነው። ነገር ግን የሚገልጸው ምን እንደ ሆነ፣ የሚሸፍነውም ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ለዚህም ምርመራ አሜሪካዊት ደራሲ ወይዘሮ ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር (1867–1957) የጻፉዋቸው መጻሕፍት መልካም ምሳሌ ይሆናሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1932 የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ «ትንሹ ቤት በታላቁ ጫካ» ሊባል ይችላል። በዊስኮንሲን ጫካ ውስጥ የሚኖሩ አባት፣ እናትና ሴቶች ልጆች የአንድ ዓመት ኑሮ ይነገርበታል። ታሪኩ የሚጀምረው ቤተሰቡ ለብርዱ ወራት ስንቅ ሲያዘጋጅ ነው፤ የአደን ሥጋ በጢስ ይደርቃል፣ አሳማ ይታረዳል፣ ዱባና ሽንኩርት ከጣራው ሥር ይከማቻል። ብርዱ ሲጠና የእርሻ ሥራ ስለሚቆም አባት ማታ ማታ ቫዮሊን ይመታል፣ ተረት ያወራል። ብርዱ ሊያልቅ ሲቃረብ ሜፕል ከተባለው ዛፍ ጣፋጭ ፈሳሽ ተቀድቶ እየተፈላ ስኳር ይሆናል። በሙቀቱም ወራት ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ፎርማጆ ይሠራል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ስምንት ፈረሶች የሚያዞሩት የመውቂያ መኪና መጥቶ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቀን ይፈጽማል።

የመጽሐፉ ብልጫ በዚህ ላይ ነው። ሥራው እንዲያው በስም ብቻ አልተጠራም፤ እጅ በእጅ፣ ደረጃ በደረጃ ተጽፏል። እናት ሰኞ ልብስ ታጥባለች፣ ማክሰኞ ትተኩሳለች፣ ሐሙስ ወተት ትንጣለች፣ ቅዳሜ ዳቦ ትጋግራለች። ልጆቹም ዕቃ ያደርቃሉ፣ አልጋቸውን ያነጥፋሉ። በቤተሰብ መካከል ያለውን የሥራ ክፍፍል ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ከዚህ መጽሐፍ የበለጠ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ዙሩ እንደ ቀለበት ስለሚገጥም፣ ቤተሰቡ ከማንም ምንም የማይፈልግ፣ ለማንም ምንም የማይከፍል ይመስላል። እውነተኛው ኑሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ቤተሰቡ በ1869 ወደ ካንሳስ ሄዶ በ1871 ተመለሰ፤ በ1874 እንደ ገና ዊስኮንሲንን ለቆ ወደ ሚኒሶታ ወረደ፤ በዚያም አንበጣ አዝመራውን ፈጀው። በ1876 ሕፃኑ ወንድ ልጅ ሞተ። ቤተሰቡም አዮዋ ውስጥ በምትገኝ በር ኦክ በምትባል ከተማ በሆቴል ሥራ ተቀጠረ፤ በኋላም ከነዕዳው ሌሊት ከከተማይቱ ወጣ። ይህን የምናውቀው ደራሲዋ በ1930 ገደማ ጽፈውት በ2014 ከታተመው የሕይወት ታሪካቸው ነው። በልጆቹ መጻሕፍት ግን የበር ኦክ ዓመታት ጨርሶ ተዘለዋል። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሐዘንን መሸሽ ብቻ አይደለም፤ እርሻ የሌለበት ዓመት ለወቅቶች ዙር ስለማይመች ነው።

«መጽሐፉ ለልጆች የተጻፈ ነውና የገንዘብ ነገር አይጠበቅበትም» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱን የሚሰጡት ራሳቸው ደራሲዋ ናቸው። በ1933 በታተመው «የገበሬ ልጅ» በተባለው መጽሐፍ ስለ ባላቸው ስለ አልማንዞ የልጅነት ኑሮ ሲጽፉ ገንዘብ በግልጽ ይታያል፤ ፈረስ ይሸጣል፣ ቅቤና ድንች ለነጋዴ ይቀርባል፣ አባት በግማሽ ዶላር ውስጥ ያለውን የድንች እርሻ ድካም ለልጁ ያስተምራል። ልዩነቱ ይህኛው ቤተሰብ ባለጸጋ መሆኑ ነው። እንግዲህ ገንዘብ ወደ ቤት ሲገባ ይነገራል፤ ዕዳ ሲሆን ይደበቃል ማለት ነው።

ዕዳው በግልጽ የሚታየው ከሞታቸው በኋላ፣ በ1971፣ በታተመው «የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት» በተባለው ረቂቅ ነው። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ በመሬቱ ላይ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 160 ኤክር፣ ማለት 65 ሄክታር ያህል፣ ይሰጥ ነበር። መሬቱ በጥቂት ክፍያ ቢገኝም ማረሻውና ማጨጃው በዱቤ ይገዛ ነበር። ሙሽሮቹ ስንዴያቸውን ሊያጭዱ ሲሉ በረዶ መታው፤ ወዲያውም በቤታቸው ላይ 500 ዶላር ዕዳ መኖሩ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ድርቁ፣ በሽታው፣ የሕፃኑ ሞትና የቤቱ መቃጠል ተከታተሉ። ወቅቶቹ በዚህም መጽሐፍ ይፈራረቃሉ፤ ነገር ግን አዝመራ የደስታ ወር መሆኑ ቀርቶ የመክፈያ ቀን ሆኗል። ጽሑፉ ያልተወለወለ ቢሆንም፣ ለእውነት የቀረበው ይህኛው ነው።

የመሬቱም ጥያቄ እንዲሁ ነው። በ1935 የታተመው የካንሳሱ ታሪክ የተፈጸመበት ምድር የኦሴጅ ሕዝብ ርስት ነበር። መጽሐፉ ሲጀምር በዚያ አገር ሰው የለም፣ ሕንዶች ብቻ ናቸው የሚል አነጋገር ነበረበት፤ በ1953 «ሰው» የሚለው ቃል «ሰፋሪ» በሚለው ተተካ። አንዲት ቃል ብትታረምም የቤተሰቡ ዙር በሌላ ሰው መሬት ላይ መጀመሩ አልተለወጠም።

ይህ ነገር አሜሪካን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የአገራችንን የገበሬ ቤት የሚያጠና ተማሪ የሰኔን ዘርና የኅዳርን አጨዳ አሳምሮ ቢጽፍ፣ ከ1967 ዓ. ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛው ከአውድማው ላይ እኩል ወይም ሲሶ ለማን ይሰፍር እንደ ነበር ካልጠየቀ ሥራው ጎደሎ ነው። ስለ ዛሬውም ገበሬ ሲጽፍ ማዳበሪያው በጥሬ ገንዘብ ወይስ በብድር እንደ ተገዛ መጠየቅ አለበት። የወይዘሮ ዋይልደር የመጀመሪያ መጽሐፍ ሥራን እንዴት መመልከት እንደሚገባ ያስተምራል፤ የመጨረሻው ረቂቅ ደግሞ ከአውድማው በኋላ የሚመጣውን ሒሳብ ያሳያል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያላነበበ ሰው የገበሬውን ዓመት እኩሌታ ብቻ ያውቃል።